ጀርባችሁን ለገብሱ ስጡ

ፍራውኬ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወፍ ልታይ የወጣች ትምሰል እንጂ የምታየው ሰው ነበር። የወፍ ተመልካቾች ማኅበር አባላት በኩሬው ዳር ቴሌስኮፖቻቸውን ተክለው በተርታ ቆመዋል፤ እሷ ከኋላቸው ሆና ማጅራታቸውን ትጠብቃለች። አንዱ አንገቱን ባሻሸ ቁጥር ትደነግጣለች። ጭንቀቷ ሁሉ ማንም ወደ ኋላ እንዳይዞር ነው።

ከኋላቸው የኤልሶ ገብስ አለ። ደርሶ ነጥቷል፤ ከባሕሩ በሚመጣው ነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። እመሃሉ ላይ፣ ከመሬቱ ላይ፣ የግራጫ ጭልፊት ጎጆ አለ፤ ጎጆው ውስጥ ደግሞ ክንፋቸው ገና ያልጠና አራት ጫጩቶች። ዘንድሮ በዚህ የባሕር ዳርቻ ሁሉ ሌላ ጎጆ አልተገኘም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገበሬው ኤልሶና ፍራውኬ።

ኤልሶ ምስጢሩን ሲነግራት እየሳቀ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በጎረቤቱ ማሳ ላይ እንዲህ ያለ ጎጆ ተገኝቶ ወሬው አፈተለከ። ፎቶ አንሺው ሁሉ እህሉን እየረገጠ ገባ፤ ወላጆቹ ሸሹ፤ ጫጩቶቹን ፀሐይ ጨረሰቻቸው። ሬሳቸውን በባርኔጣው ለቅሞ ያወጣው ኤልሶ ራሱ ነው።

«አንቺ ብቻ» አላት። «እስኪበሩ ድረስ ገብሱን አላጭድም። ዝናብ ይምታው፣ ይርገፍ፣ ግድ የለኝም። ግን በዚህ መንገድ ላይ መኪና ተደርድሮ ካየሁ፣ አምና ያየሁትን ዘንድሮ ቆሜ አላይም። ያን ቀን ማጨጃውን አስገብቼ እገላገላለሁ።»

ታዲያ ሰው ይዛ ለምን መጣች? ጉዞው ክረምቱን ሙሉ ሲነገር የቆየ ስለሆነ ነው። ብትሰርዘው «ለምን?» ይሏታል፤ የወፍ ተመልካች ደግሞ አንዴ «ለምን» ካለ አያባራም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። ኩሬው በስተ ምዕራብ ነው፣ ገብሱ በስተ ምሥራቅ፤ ጠዋት ወደ ገብሱ የዞረ ፀሐይ ዓይኑን ታጠፋዋለች። «ጀርባችሁን ለገብሱ ስጡ፤ ብርሃኑ ከዚያ ነው» አለቻቸው፤ ሁሉም እሺ ብለው ዞሩ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ይዛቸው ትሄዳለች። ያሰበችው ይህንን ነበር።

«ተነሱ እንግዲህ» አለች ረፋዱ ላይ። «ከግድቡ ማዶ ያለውን ኩሬ ሳናየው ሊመሽብን ነው።»

«አሁን?» አለ ዮሪት። ዮሪት ከማኅበሩ ሁሉ ፈጣኑ ነው። ቴሌስኮፑም ትልቁ፣ ስልኩም ትልቁ፣ አፉም እንደዚያው። «ባሕሩ እየሞላ እኮ ነው! ጭቃው ላይ ያለው ወፍ ሁሉ ውሃው ሲገፋው የት የሚመጣ ይመስልሻል? እዚሁ ኩሬ! ይሄን ጥሎ የሚሄድ ሰው ጤነኛ ነው?»

«እኔ ደግሞ ዳቦዬን ሳልበላ ንቅንቅ አልልም» አለች ጌሲና። ሳር ላይ ቁጭ ብላ፣ አጃ ዳቦዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። «ጉልበቴ የመንግሥት አይደለም።»

ፍራውኬ ድጋፍ ፍለጋ ወደ ሬንደር አየች። ሬንደር ዕድሜውን በቦይ ላይ ድልድይ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍራውኬ መኪና ጋቢና ጠፍቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ጨዋማውን ጥቁር ከረሜላውን እያላመጠ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ቴሬክ። ቴሬክ ከሳይቤሪያ መንገድ ስታ የምትመጣ ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ ናት፤ ምንቃሯ ወደ ላይ የቆለመመ፣ እግሯ አጭርና ብርቱካናማ። ሬንደር በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተከትሏታል፤ በደረሰ ቁጥር «ትናንት ነበረች» ይሉታል። የማኅበሩ ሰዎች እሱን ራሱን «ትናንት ነበረች» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም ይስቃል። ዛሬም ጠዋት መኪና ውስጥ «ይቺን ሳላይ ከሞትኩ መቃብሬ ላይ ጻፉልኝ» ብሏት ነበር።

«እንቆይ እንጂ» አላት አሁን። «ባሕሩ ሲሞላ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?»

ተሸነፈች። የሳቀች መስላ «እሺ» አለች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ።

ባሕሩ ሞላ። ወፉ ባሕሩን በሚያግደው ግድብ ላይ እየተንጋጋ መጥቶ ኩሬው ላይ ፈሰሰ፤ ሰዎቹም በደስታ እርስ በርስ እየተጠራሩ ይጠቋቆማሉ። ፍራውኬ አንዱንም አላየችም። ፀሐይዋ ከገብሱ በላይ ከፍ፣ ከፍ እያለች ነው። አሁን አንድ ሰው ቢዞር ዓይኑ አይጠፋም።

ያኔ ሰማችው። ኬክ፣ ኬክ፣ ኬክ! ቀጭን ጩኸት፣ ከበስተደቡብ። ወንዱ ጭልፊት አይጥ ይዞ መጥቷል። የሚቀጥለውን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። እሱ ይጣራል፤ እናቲቱ ከገብሱ መሃል ብድግ ትላለች፤ እሱ ከላይ አይጡን ይለቀዋል፣ እሷ በጀርባዋ ተገልብጣ በአየር ላይ በእግሯ ትቀልበዋለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ጎጆዋ ላይ ታርፋለች። ይህን ያየ የወፍ ሰው ጎጆው የት እንዳለ ሌላ አይጠይቅም።

ዮሪት ቀና አለ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለና የቴሌስኮፑን እጀታ ያዘ። ቴሌስኮፑ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ።

«ቴሬክ!» ብላ ጮኸች ፍራውኬ።

ለምን ይሄን ስም እንደጠራች ራሷም አታውቅም። ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የነበረ ስም ነው፤ አፏ ያገኘውን ያዘ። «ቴሬክ! ከሸንበቆው በስተግራ! ጭቃው ላይ!»

የዮሪት ቴሌስኮፕ እንደ በር ተወርውሮ ተመለሰ። የሁሉም ጀርባ ለገብሱ ሆነ። ፍራውኬ ብቻዋን፣ ከኋላዋ፣ የእናቲቱን መልስ ሰማች፤ ቀጥሎም ጸጥታ። ምግቡ ገብቷል።

እዚህ አገር አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሚስቱን ይዋሻል፣ ቀረጥ ሰብሳቢውን ይዋሻል፣ የሸጠላችሁ ጀልባ ውሃ አያስገባም ብሎ ይምላል። ወፍ ሳያይ «አየሁ» ግን አይልም። አንድ ጊዜ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ ዝሆን አየሁ ቢል እንኳ «እርግጠኛ ነህ? ውሻ እንዳይሆን» ይሉታል። ፍራውኬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ብላ አታውቅም። «ፍራውኬ ካለች አለች» ነበር አነጋገሩ።

«የታለች?» አለ ዮሪት።

«ከጭቃው ጉብታ ኋላ ገባች።»

ጠበቁ። ቴሌስኮፖቹ ሁሉ በአንዲት ጉብታ ላይ ተተክለዋል። «እኔ አልታየኝም» አለ አንዱ። «እኔም» አለች ጌሲና፣ ዳቦዋ እጇ ላይ ቀርቶ። ዮሪት ዓይኑን ከቴሌስኮፑ አንስቶ ፍራውኬን አያት፤ አስተያየቱ ቀድሞ አይቷት የማያውቀው ዓይነት ነበር። ምናለበት፣ አለች በሆዷ፣ «በረረች» ብዬ ልገላገል። አፏን ከፈተች።

«አየኋት!» አለ ሬንደር።

ሁሉም ዞረ። ሽማግሌው ከቴሌስኮፑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «አየኋት... እግሯ ብርቱካናማ... ሮጣ ተመልሳ ገባች። አምላኬ! አየኋት እኮ!» አለና እንባው ወረደ። ጌሲና ተነስታ አቀፈችው። ሰዎቹ ትከሻውን መቱት፤ አንዱ «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ዛሬ ነበረች ነው!» ብሎ አሳቃቸው። ፍራውኬም ሳቀች። የሬንደርን እንባ ግን ከዚያ በፊት ያየችው ሚስቱን በቀበረ ቀን ብቻ ነበር።

ይህም አልበቃ። ዮሪት ስልኩን አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ላሳውቅ ነዋ! አገር ሙሉ ይቺን እየጠበቀ!»

«ቆይ፣ ትንሽ እንጠብቅ። ደህና እንያት መጀመሪያ።»

«ሁለት ሰው አይቷት፣ ያውም አንዷ አንቺ ሆነሽ? ሌላ ምን እንጠብቃለን፣ ፓስፖርቷን?» አለና አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ተሯሯጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ደግሞ ከስልክ ወጣ።

ቦታውን ሲጽፍ በትከሻው ላይ አነበበችው። መኪና የሚቆምበት፦ ከገብሱ ማሳ ጎን ያለው ጠባብ መንገድ። ያን ጊዜ ነው የሠራችውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ያየችው። ከጎጆው ልታርቃቸው ብላ የአገሩን ሰው ሁሉ ጎጆው ደጃፍ ላይ ጠርታለች።

መምጣት የጀመሩት ጌሲና ዳቦዋን ጨርሳ እጇን ሳታራግፍ ነው። መጀመሪያ አንድ ቀይ መኪና፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ከዚያ መቁጠር ተወች። ከከተማው መጡ፣ ከድንበሩ ማዶ ጀርመኖቹ መጡ። ወንድ ልጁ ሊዳር ሲል ከሠርጉ አምልጦ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ አባት ሁሉ ነበር። መኪናው መንገዱን ሞላና ጎማው ገብሱ ጠርዝ ላይ ወጣ። ሰዎቹ ቴሌስኮፕ ተሸክመው ወደ ኩሬው ይሮጣሉ፤ የዘገዩት ቦታ አጥተው ከማሳው ዳር ካለው የቦይ አፋፍ ላይ ቆሙ። አንዷ ሴት ጥላ ፍለጋ ሁለት እርምጃ ወደ ገብሱ ገባች።

«ውጪ ከዚያ!» ብላ ጮኸችባት ፍራውኬ።

«ምን አደረግሁ?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

«የሰው እህል ነው!»

ወንዱ እንደገና መጣ። በእግሩ የሆነ ነገር አንጠልጥሏል። ከላይ ዞረ፣ ሰዉን አየ፣ ወደ ላይ ሸሸ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ሸሸ። እናቲቱ ከሰዉ ጫጫታ የተነሳ ከጎጆዋ ወጥታ ሩቅ፣ ቡናማ ነጥብ ሆና እየጮኸች ትዞራለች። ይህ ሁሉ ሰው የወፍ ሰው ሆኖ አንድም ቀና ያለ የለም፤ ሁሉም የሌለች ወፍ እየፈለገ ነው። የፍራውኬ ዓይን ግን ገብሱ ላይ ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጎጆው ክፍት ነው፤ በክንፏ የምታጠላላቸው እናት ሰማይ ላይ ናት። አምና ኤልሶ በባርኔጣው የለቀማቸው ጫጩቶች በዚህ ሰዓት ነው የሞቱት።

የትራክተሩን ድምፅ ሰማች።

ኤልሶ መንገዱ ስለተዘጋበት ትራክተሩን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ መጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ቃላችን ይሄ ነበር?» አላት።

«አልነገርኳቸውም። ስለ ጎጆው ማንም አያውቅም። በሌላ ወፍ ነው የመጡት።»

«ለጫጩቶቹ ምን ለውጥ አለው?» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ማጨጃው ወንድሜ ቤት ነው። ልጠራው ነው። ሁለተኛ አልለቅምም፣ ፍራውኬ። አልችልም።»

«አስወጣቸዋለሁ። አሁኑኑ።»

«በምን?»

በምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የቀራት አንድ ነገር ነው። መንገዱ ዳር ወዳለው የበግ መከልከያ በር ሄደች፣ እንጨቱን ይዛ ወጣችበት። ሰዉን ከላይ አየችው። ሥልሳ ምናምን ሰው፣ ግማሹን በስሙ ታውቀዋለች፣ ብዙውን ዳክዬ ከዳክዬ መለየት ያስተማረችው እሷ ናት።

«ስሙኝ!» አለች። «ቴሬክ የለችም። አልነበረችም። ውሸቴን ነው።»

ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ዮሪት።

«አላየሁም። ሳላይ ነው አየሁ ያልኩት።»

«ሬንደር አይቷታል እኮ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሬንደር ዞረ። ሽማግሌው ከኩሬው ዳር ብድግ አለ፤ ፊቱ ላይ ያ ደስታ ገና አልጠፋም ነበር። «አይቻታለሁ» አለ። «ፍራውኬ፣ ምን ነካሽ? እግሯን እኮ አየሁ። አንቺ ባታይ እኔ አይቻለሁ።»

«ሬንደር» አለችው። «ያልኩህ ቦታ ምንም አልነበረም። ስሙን ከአፍህ ነው የወሰድኩት። ይቅር በለኝ።»

«ግን ለምን?» አለች ጌሲና ከመሃል። ይህን ስትጠይቅ ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ገብቷት ነው። «ፍራውኬ፣ አንቺ? ለምን?»

ይኸው፣ የማያባራው ጥያቄ መጣ። ለጥያቄው መልስ አላት፤ ደግሞም የሚያኮራ መልስ ነው፤ ከኋላቸው ገብሱ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቃል ብትል ስሟ ይነጻል፣ ጫጩቶቹም ያልቃሉ። ሥልሳ ሰው ምስጢር አይጠብቅም። ኤልሶን አየችው፤ ኤልሶ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሰው እንዲያደንቀኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማችውም። ከረባት ያሰረው አባት «ከልጄ ሠርግ ወጥቼ!» እያለ ሲጮህ ግን ሰምታለች። የሰዉ ግማሽ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ሽማግሌው አይቻለሁ ካለ እኔ እጠብቃለሁ» አለ አንዱ ጀርመን፣ ወንበሩን እየዘረጋ። ሌሎችም ተከተሉት። ሰዉ የተካደችውን ወፍ ይዞ ቁጭ አለ።

ፍራውኬ ሬንደርን አየችው፤ አፏ ሊለምነው አልቻለም። ዓይኗ ለመነው። ሬንደርም አያት፣ በጣም ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ አልፎ ወደ ሰማዩ ሄደ፤ ወንዱ ጭልፊት አይጡን እንዳንጠለጠለ ለስንተኛ ጊዜ ይዞራል። ሬንደር ወፉን ተከተለው፣ ገብሱን አየ፣ ኤልሶን አየ፣ ማሳው ዳር ያሉትን ጎማዎች አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተዘጋ።

«አላየሁም» አለ።

«ምን?» አለ ዮሪት።

«አላየሁም አልኩ!» ብሎ ጮኸ። «ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔ ፈዟል፣ እሷ ስትል ያየሁ መሰለኝ። በቃ! ሂዱ ወደ ቤታችሁ!»

ያን ጊዜ ተነቃነቁ። ወንበር ታጠፈ፣ ቴሌስኮፕ ተነቀለ። በፍራውኬ አጠገብ ሲያልፉ አንዳንዱ ተሳደበ፤ የከፉት ግን ዝም ብለው ያለፉት ናቸው። ዮሪት ፊቷ ቆሞ ስልኩን እያየ «ከቡድኑ አስወጥቼሻለሁ» አላት። «እስከ ዛሬ አየሁ ያልሽውንም ሁሉ እንደገና እናየዋለን።»

«ልክ ነህ» አለችው።

ጌሲና የዳቦዋን መጠቅለያ አጣጥፋ ዮሪት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገባች። ዞራ አላየቻትም። መኪኖቹ እየተገፋፉ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ መንገዱን ለቀቁ። ኤልሶ የተረገጠውን የገብስ ጠርዝ በእግሩ ቀና ቀና አደረገ። «አልጠራሁትም፣ ማጨጃውን» አላትና ሄደ። ከእሱ ይህ ብዙ ንግግር ነው።

መንገዱ ላይ የእሷ መኪና ብቻ ቀረ። ሬንደር ከመኪናው ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኩሬው አድርጎ ቆሟል። ልትቀርበው ፈለገች፣ አልደፈረችም። እሱን ያስለቀሰች ወፍ ከአንደበቷ የወጣች ናት፤ እሷው መልሳ ነጠቀችው፤ በሰው ፊት ደግሞ ጅል አደረገችው። ይህን በምን ቃል ይጠግኑታል?

ቁጭ ብላ ገብሱን ተመለከተች። ወንዱ ዞረ። ጮኸ። መልስ የለም። እንደገና ጮኸ። ሸሽታ ቀርታ ይሆን? ጫጩቶቹ አልቀው ይሆን? ለምን ነበር ታዲያ ይህ ሁሉ? ጥርሷን ነክሳ «ነይ፣ ነይ፣ እባክሽ» አለች ድምፅ አውጥታ። ወንዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ እናቲቱ ከግድቡ በኩል ዝቅ ብላ እየበረረች መጣች፣ ከሥሩ ደረሰች፣ ተገለበጠች፣ አይጡን በአየር ላይ ያዘችው፣ ገብሱ ውስጥም ወረደች። ወዲያው ከገብሱ መሃል የጫጩቶቹ ጩኸት መጣ። ይንጫጫሉ። የተራበ ሁሉ እንደዚያ ነው።

ፍራውኬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ገባች?» አለ ሬንደር። አልዞረም።

«ገባች። ተገልብጣ ቀለበችው። በሕይወት አሉ፣ ሬንደር፣ ሰማኋቸው።»



«ባንቺ ቃል አላምንም» አለና፣ አቅራቢ መነጽሩን ከአንገቱ አንስቶ ወደ ገብሱ ዞረ።